የሦስት ዓመት እሑዶች

በመድረክ ላይ ዝምታ ከንግግር የሚከብድበት ጊዜ አለ። ተዋናዩ ይገባል፤ ተመልካቹ ቃል ይጠብቃል፤ ቃሉ ግን አይመጣም። ያን ጊዜ በአዳራሹ ያለው ሰው ሁሉ ጆሮውን ትቶ ዓይን ብቻ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ዝምታ ደራሲ በወረቀት ላይ ሊጽፈው፣ አዘጋጅም ሊያዘው ይችላል፤ እስከ መጨረሻው ተሸክሞት የሚዘልቅ ተዋናይ ግን ከስንት አንድ ነው። የመድረክ ሰው ያልነበረ፣ የመታየትም ምኞት ያልነበረው አንድ የሒሳብ መምህር ይህን ሸክም ያለ ልምምድ እንደ ተወጣው ይነገራል።

ዕለቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኦክቶበር 31 ቀን 1903፣ ቅዳሜ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተነገረ በቀር፣ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ቦታው ኒው ዮርክ ከተማ፣ የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ጉባኤ ነው። ፍራንክ ኔልሰን ኮል የተባለው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ትላልቅ ቁጥሮችን በአካፋዮቻቸው ስለ መፍታት ጥናት እንደሚያቀርብ ተነግሯል። ተራው ሲደርስ ተነሣ፤ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ሄደ፤ ጠመኔ አነሣ። 67 ሁለቶች እርስ በርሳቸው ሲባዙ የሚሰጡትን ውጤት ደረጃ በደረጃ አሰላ። ከውጤቱ ላይ አንድ ቀነሰ። በሰሌዳው ላይ የቀረው ይህ ነበር፦

147,573,952,589,676,412,927

ከዚያ ወደ ሰሌዳው ባዶ ክፍል ተሻገረና ሌሎች ሁለት ቁጥሮች ጻፈ፤ 193,707,721 እና 761,838,257,287። አንዱን ከአንዱ በታች አድርጎ፣ ማንኛውም ተማሪ እንደሚያደርገው፣ እያንዳንዱን አኃዝ በእያንዳንዱ አኃዝ እያባዛ፣ የሚያዘውን እየያዘ፣ ረድፉን ከረድፍ በታች እየደረደረ ወረደ። በመጨረሻ ደመረ። ድምሩ በወዲያኛው ወገን ከተጻፈው ቁጥር ጋር አኃዝ በአኃዝ አንድ ሆነ። ኮል ጠመኔውን አስቀመጠና ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ከተነሣ እስኪቀመጥ ድረስ አንዲት ቃል ከአፉ አልወጣችም። ጉባኤው አጨበጨበ፤ ጥያቄ ያነሣ ሰው ግን አልተገኘም ይባላል።

አንባቢ እዚህ ላይ ቢገረም አይፈረድበትም። ማባዛት ምን ያስጨበጭባል? በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማባዣ ሠንጠረዡን የሸመደደ ልጅ፣ ትዕግሥት ካለው፣ ያንኑ ብዜት ከግማሽ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ሊደግመው ይችላል። ጭብጨባው ለምን እንደ ሆነ ለመረዳት ወደ ኋላ ሁለት መቶ ስድሳ ዓመት ያህል መመለስ ያስፈልጋል።

ከአንድና ከራሱ በቀር ለሌላ ለማንም ያለ ቀሪ የማይካፈል ቁጥር ብቸኛ ቁጥር ይባላል። 7 ብቸኛ ነው፤ 31 ብቸኛ ነው፤ 15 ግን የ3 እና የ5 ብዜት ስለ ሆነ ብቸኛ አይደለም። ማንኛውም ሙሉ ቁጥር፣ የፈለገውን ያህል ቢገዝፍ፣ ወይ ራሱ ብቸኛ ነው ወይ ከብቸኞች ብዜት የተሠራ ነው፤ የሚሠራበትም መንገድ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ቁጥር ከየትኞቹ ብቸኞች እንደ ተሠራ ማወቅ ማለት የቁጥሩን ሥጋና አጥንት ማወቅ ማለት ነው።

ከቁጥሮች መካከል ደግሞ ከጥንት ጀምሮ የሰው ዓይን የተተከለበት አንድ ወገን አለ፤ ሁለትን በሁለት እያባዙ ሄደው ከደረሱበት ላይ አንድ ሲቀንሱ የሚገኘው ነው። 4 ሲቀነስለት 3፣ 8 ሲቀነስለት 7፣ 32 ሲቀነስለት 31፣ 128 ሲቀነስለት 127 ይሆናል፤ አራቱም ብቸኞች ናቸው። የግሪኩ ዩክሊድ ከነዚህ ብቸኞች እያንዳንዱ አንድ ፍጹም ቁጥር እንደሚወልድ አሳይቷል። ፍጹም የሚባለው ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን የሚሰጡት ነው፤ 6 የ1፣ የ2 እና የ3 ድምር ነው፤ 28 ደግሞ የ1፣ የ2፣ የ4፣ የ7 እና የ14 ድምር ነው። ከነርሱ ቀጥሎ 496፣ ከዚያም 8,128 ይመጣል። ዕርቀቱ እንደ ምን እንደሚሰፋ ልብ ይሏል። ፍጹም ነገር ብርቅ መሆኑን ለማስተማር ሲሉ የመካከለኛው ዘመን ሊቃውንት እነዚህን ቁጥሮች ደጋግመው ያነሡ ነበር።

የብዜቱ ደረጃ ራሱ ብቸኛ ካልሆነ ውጤቱ ብቸኛ ሊሆን አይችልም። ዳሩ ግን ደረጃው ብቸኛ ስለ ሆነ ብቻ ውጤቱ ብቸኛ ይሆናል ማለት አይደለም፤ 11 ብቸኛ ነው፤ ነገር ግን 11 ሁለቶች ተባዝተው አንድ ሲቀነስ የሚገኘው 2,047 የ23 እና የ89 ብዜት ነው። ታዲያ የትኛው ደረጃ ብቸኛ ይሰጣል? የትኛውስ ያታልላል?

በ1644 አንድ ፈረንሳዊ መነኩሴ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጠ። ማሪን ሜርሴን ይባላል። በፓሪስ ገዳሙ ውስጥ ሆኖ ከነዴካርትና ከነፌርማ ጋር ደብዳቤ ይጻጻፍ ነበር፤ የሳይንስ መጽሔት ባልነበረበት በዚያ ዘመን የአንዱን ሊቅ ግኝት ለሌላው የሚያደርሰው የእርሱ ብዕር ነበር። በዚያ ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ እስከ 257 ድረስ ብቸኛ ቁጥር የሚሰጡት ደረጃዎች 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 17፣ 19፣ 31፣ 67፣ 127 እና 257 ብቻ ናቸው ብሎ ጻፈ። እንዴት እንዳወቀ ግን አልተናገረም።

የሚገርመው፣ እዚያው ባለ 15 ወይም ባለ 20 አኃዝ የሆነ ቁጥር ብቸኛ መሆን አለመሆኑን ለመለየት ዘመን ሁሉ ቢደመር እንደማይበቃ እርሱ ራሱ መናገሩ ነው። የ67ቱ ደረጃ የሚሰጠው ቁጥር 21 አኃዝ አለው። የ257ቱማ 78 ነው። መነኩሴው ዘመን አይበቃውም ያለውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሶት አለፈ። ይህን ድፍረት ነው ብሎ መንቀፍ ቀላል ነው። ነገር ግን አንድ ሰው ካየው ጥቂት ተነሥቶ ያላየውን ብዙ ለመገመት ካልደፈረ ለተከታዮቹ የሚፈተሽ ነገር አይተውም፤ ዝርዝሩ ስሕተት ቢኖርበትም ለሦስት ምዕተ ዓመት ያህል የሰው ሥራ ሆኖ ቆይቷል። ክፋቱ ሌላ ነው። ማንም ሊያጣራው ያልቻለ ቃል፣ የተናገረው ሰው የተከበረ ከሆነ፣ በጊዜ ብዛት እንደ ተረጋገጠ ይቆጠራል። የ67ቱ ቁጥር ከ1644 እስከ 1876 ለ232 ዓመታት በብቸኞች መዝገብ ተጽፎ የኖረው በማንም ማስረጃ ሳይሆን በሜርሴን ስም ነው።

በመካከሉ አንዳንድ ሰዎች ዝርዝሩን ነካክተውታል። ኦይለር በ1772 የ31ኛው ደረጃ ቁጥር፣ ማለትም 2,147,483,647፣ በርግጥ ብቸኛ መሆኑን አሳየ። የ67ቱን ግን ገፍቶ የሄደበት አልነበረም።

በ1876 የመጣው ኤድዋር ሉካስ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ሉካስ ያገኘው መንገድ የሚደንቀው አካፋይ ሳይፈልግ ስለ ቁጥሩ ብያኔ የሚሰጥ በመሆኑ ነው። መንገዱ የቆመው በቀሪዎች ሒሳብ ላይ ነው፤ ይህም ለባሕረ ሐሳብ ተማሪ እንግዳ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ሊቃውንት የበዓላትን ዕለት ሲያወጡ ድርሻውን ጥለው ቀሪውን ይይዛሉና። ለምሳሌ የ2000 ዓ.ም.ን ለማግኘት (ይህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ዓመተ ፍዳውን 5,500 ደምረው 7,500 ይላሉ፤ ለ19 ሲያካፍሉት 14 ይተርፋል፤ አንድ ይቀነስና 13 ወንበር ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ 143፣ ሠላሳ ሠላሳው ተገድፎ 23 አበቅቴ ይቀራል፤ በ19 ተባዝቶ 247፣ እንዲሁ ተገድፎ 7 መጥቅዕ ይቀራል። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ። ሰባት ሺህ አምስት መቶው ዓመት ሁሉ ተጥሎ በተረፈችው ትንሽ ቁጥር ላይ የዓመቱ በዓል ይቆማል።

ሉካስም ግዙፉን ቁጥር በቀሪ ያዘው። መንገዱን በኋላ በ1930 ደሪክ ሌመር የተባለ አሜሪካዊ ባቃለለው መልክ ማየት ይበጃል። ከ4 ይጀመራል። ቁጥሩ በራሱ ይባዛል፤ ከብዜቱ 2 ይቀነሳል፤ የተገኘው በሚመረመረው ቁጥር ተካፍሎ ድርሻው ይጣልና ቀሪው ይያዛል። ከዚያ ቀሪውን ይዞ እንደገና። ለ31 ሲሆን፣ 4 በራሱ 16፤ 2 ሲቀነስ 14። 14 በራሱ 196፤ 2 ሲቀነስ 194፤ ለ31 ሲካፈል 8 ይቀራል። 8 በራሱ 64፤ 2 ሲቀነስ 62፤ ለ31 ሲካፈል ምንም አይቀርም። በመጨረሻው እርምጃ ምንም ካልቀረ ቁጥሩ ብቸኛ ነው፤ አንዳች ነገር ከቀረ አይደለም። 31 የአምስተኛው ደረጃ ቁጥር ስለ ሆነ ሦስት እርምጃ በቃው፤ ለ67ኛው 65 እርምጃ ያስፈልጋል፤ በያንዳንዱም እርምጃ ሃያ አንድ አኃዝ በሃያ አንድ አኃዝ ይባዛል፤ ደግሞም ይካፈላል። አድካሚ ነው፤ ነገር ግን ዘመን ሁሉ አይፈጅም።

ሉካስ በዚያ ዓመት የ127ኛው ደረጃ ቁጥር፣ 39 አኃዝ ያለው፣ ብቸኛ መሆኑን አረጋገጠ፤ መነኩሴው በዚህኛው አልተሳሳተም። ስለ 67ቱ ግን ፍርዱ ሌላ ሆነ። ብቸኛ አይደለም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያሻል፤ የነገሩ ክብደት ያለው እዚህ ነውና። ሉካስ ቁጥሩ ተከፋይ መሆኑን አወቀ፤ አካፋዮቹን ግን አላያቸውም። መንገዱ አያሳይም። በግድግዳ ወዲያ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ እንደ መስማት ያለ ነው፤ አንድ ሰው ብቻ አለመሆኑ ተረጋግጧል፤ መልካቸው፣ ስማቸው፣ ከወዴት እንደ መጡ አይታወቅም። ከ1876 እስከ 1903፣ ለ27 ዓመታት፣ ይህ ቁጥር እንዲህ ሆኖ ቆየ። ሐሰቱ ተገልጧል፤ እውነቱ አልታየም። ሉካስ ራሱ ሳያየው በ1891 ሞተ፤ አሟሟቱም በግብዣ ላይ ከተሰበረ ሳህን የተፈናጠረ ስባሪ ጉንጩን ቆርጦት፣ ቁስሉ አመርቅዞ ነው። ቲያትር ላይ ቢጻፍ ማንም የማያምነው አሟሟት ነው።

ሰው ማወቅን ሲናገር ብዙ ጊዜ እነዚህን ሁለቱን ያቀላቅላል። አንድ ነገር ሐሰት መሆኑን ማሳየት ትልቅ ሥራ ነው። ሐሰቱ በፈረሰበት ቦታ ላይ እውነቱን አምጥቶ ማቆም ግን ሌላ ሥራ፣ ሌላ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ለመጀመሪያው የሚበቃው ሰው ለሁለተኛው ላይበቃ፣ ወይም ዕድሜ ላይበቃው ይችላል።

ኮል የተሰማራው በሁለተኛው ሥራ ነው። በ1861 በማሳቹሴትስ ግዛት ተወለደ፤ በሃርቫርድ ተማረ፤ በጀርመን አገር በላይፕሲግ ከፌሊክስ ክላይን እግር ሥር ተቀመጠ። ከ1896 ጀምሮ የማኅበሩ ጸሐፊ ነበር። ጸሐፊነት ምን እንደሆነ በማኅበር ውስጥ የሠራ ያውቀዋል፤ ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የሌሎች ሰዎች ጽሑፍ እርማት ነው። የሳምንቱ ስድስት ቀን የዚህና የማስተማር ነበር። ለቁጥሩ የተረፈው ሰባተኛው ቀን ነው።

የፊቱ ሥራ ምን ያህል እንደ ነበር በጥቂቱ ማስላት ይቻላል። ፌርማ በ1640 ለራሱ ለሜርሴን በጻፈው ደብዳቤ የገለጠው አንድ ሕግ አለ፤ የ67ኛው ደረጃ ቁጥር ብቸኛ አካፋይ ካለው፣ ያ አካፋይ ለ134 ሲካፈል 1 ይቀረዋል። (2,047ን ያየ ሰው ሕጉን በትንሹ ያገኘዋል፤ 23 እና 89 ሁለቱም ለ22 ሲካፈሉ 1 ይቀራቸዋል።) ስለዚህ እያንዳንዱን ቁጥር መሞከር አያስፈልግም፤ በ134 እርከን ወደ ላይ መውጣት ነው። ሌላ ሕግ ደግሞ ከነዚህ እርከኖች ግማሹን ይቆርጣል፤ አካፋዩ ለ8 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 7 መሆን አለበትና። ዛሬ መልሱ በእጅ ስላለ መሰላሉ እስከ የት እንደ ነበር መቁጠር ይቻላል፤ 193,707,721 የሚገኘው በ1,445,580ኛው እርከን ላይ ነው። ግማሹ ሲቆረጥ 722,790 ሙከራ ይቀራል። እያንዳንዱ ማካፈል አምስት ደቂቃ ቢፈጅና ሰውየው በያንዳንዱ እሑድ ዐሥር ሰዓት ቢሠራ፣ ከ115 ዓመት በላይ የእሑድ ዕድሜ ያስፈልገዋል። ራሳቸው ብቸኛ ያልሆኑትን እየዘለለ ቢሄድ እንኳ የሚቀሩት በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። ደግሞም ከታች ሆኖ የሚወጣ ሰው መሰላሉ የት እንደሚያልቅ አያውቅም።

ስለዚህ ኮል እርከን በእርከን አልወጣም። በራሳቸው የተባዙ ቁጥሮች በግዙፉ ቁጥር ሲካፈሉ የሚተዉትን ቀሪ እየፈለገ ከያንዳንዱ ተስማሚ ቀሪ አንድ አንድ ማገጃ አወጣ። አዲስ ማገጃ በተገኘ ቁጥር ከእጩዎቹ ግማሽ ያህሉ ይወድቃሉ፤ የሚያልፈው ሌላው ግማሽ ነው። እንዲህ ያሉ ዐሥር ማገጃዎች የተደራረቡ እንደ ሆነ ከአንድ ሺህ እጩ አንዱ ብቻ ይተርፋል። የብልሃቱ ምስጢር ይህ ነው፤ አካፋዩን ከመፈለግ ይልቅ አካፋይ ሊሆኑ የማይችሉትን በገፍ ማስወገድ። ነገር ግን ማገጃውን ማግኘት ራሱ የሰዓታት ስሌት ነው፤ በአንዱ ማገጃ ላይ አንድ አኃዝ ቢሳሳት እውነተኛው አካፋይ ከገለባው ጋር ይጣላል፤ ፈላጊውም ሳያውቅ የዘላለም ባዶ ፍለጋ ውስጥ ይገባል። ኮል በያንዳንዱ እሑድ ማታ ወረቀቱን ሲያጥፍ፣ ያለፈው ወር ሥራ በሙሉ ትክክል ስለ መሆኑ ከራሱ ጥንቃቄ በቀር ዋስ አልነበረውም።

ከዓመታት በኋላ፣ በ1911፣ ስንት ጊዜ እንደ ፈጀበት ሲጠየቅ የሦስት ዓመት እሑዶች ብሎ መለሰ ይባላል። መቶ ሃምሳ ስድስት እሑዶች ያህል ማለት ነው። በሰሌዳው ላይ ከነዚህ አንዱም አልታየም። የተሳሳቱት ረድፎች፣ የተቀደዱት ወረቀቶች፣ ተስፋ የተቆረጠባቸው ማታዎች ሁሉ ቀርተው ጉባኤው ያየው አንድ ማባዛት ብቻ ነው። ያጨበጨቡት ሰዎች ሁሉም የሙያው ሰዎች ስለ ነበሩ በሰሌዳው ላይ ያልተጻፈውንም ማንበብ ይችሉ ነበር። ጥያቄ ያልተነሣውም ለዚህ ይመስላል፤ የሚጠየቅ ነገር ቢኖር ስለ እሑዶቹ እንጂ ስለ ቁጥሩ አይደለም።

ታዲያ ታሪኩ እውነት ነውን? የዝምታውን ትዕይንትም ሆነ የእሑዶቹን መልስ የጻፈው ኤሪክ ቴምፕል ቤል ነው፤ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በ1912 የዶክተርነት ማዕርግ ያገኘ፣ ኋላም በሒሳብ ሊቃውንት የሕይወት ታሪክ ስሙ የገነነ ሰው ነው። መልሱን ከኮል አፍ ሰምቻለሁ ይላል። በጉባኤው ግን አልነበረም። ትዕይንቱን ያሳተመውም በ1951፣ ከ48 ዓመት በኋላ፣ ኮል በሕይወት በሌለበት ጊዜ ነው። ቤል ታሪክን ማሳመር የሚወድ ጸሐፊ እንደ ነበር በዘርፉ ያሉ ሁሉ ይናገራሉ፤ የመድረክ ዓይን ያለው ሰውም ትዕይንቱ ከመጠን በላይ የተስተካከለ መሆኑን አይስተውም። መግቢያው፣ ዝምታው፣ የሁለቱ ድምር መገናኘት፣ ጭብጨባው፤ ሁሉም ደራሲ ቢያስቀምጠው በሚያስቀምጠው ቦታ ተቀምጧል። ምናልባት ኮል አንድ ሁለት ቃል ሳይናገር አልቀረም። ምናልባትም ጭብጨባው እንደ ተባለው አልነበረም።

ጥናቱ ግን በዚያው ዓመት በማኅበሩ መጽሔት ታትሞ ወጥቷል፤ ቁጥሮቹም አሉ። ትዕይንቱን ማንም ሊያረጋግጠው አይችልም፤ ብዜቱን ግን ማንም ሊያረጋግጠው ይችላል፤ የአሳታሚ ፈቃድ፣ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ፣ የቤል ምስክርነት አያስፈልግም። ሙሉውን ለማባዛት ጊዜ ያጣ ሰው እንኳ የድሮ ነጋዴዎች በሚያውቁት በዘጠኝ መግደፍ ፈጥኖ ሊፈትሸው ይችላል። የመጀመሪያው ቁጥር አኃዞች ሲደመሩ 37፣ እንደገና 10፣ እንደገና 1 ይሆናሉ። የሁለተኛው 64፣ ከዚያ 10፣ ከዚያ 1። አንድ በአንድ ሲባዛ አንድ ነው። የግዙፉ ቁጥር ሃያ አንድ አኃዞች ሲደመሩ 109፣ ከዚያ 10፣ ከዚያ 1 ይሰጣሉ። ይህ ፈተና ሁለት አኃዝ ቦታ ቢለዋወጡ አያውቅም፤ ስለዚህ ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም። ዳኛው ያው ጠመኔና ሰሌዳ ነው።

ሦስት ዓመት የፈጀ ፍለጋ በግማሽ ሰዓት ይፈተሻል። ይህ አለመመጣጠን በኮል ዘመን የሒሳብ ሰዎች ትዝብት ብቻ ነበር። በ1977 ግን ሪቨስት፣ ሻሚር እና አድልማን የተባሉ ሦስት ሰዎች ምስጢር መጻፊያ አደረጉት፤ ሁለት ግዙፍ ብቸኛ ቁጥሮችን ማባዛት ቀላል፣ ብዜቱን ወደ ሁለቱ መመለስ ግን እጅግ አስቸጋሪ በመሆኑ፣ ብዜቱን ለዓለም ሁሉ ገልጦ አካፋዮቹን ደብቆ መያዝ ይቻላል። የባንክ ምስጢር ለመጠበቅ በዚህ መንገድ ብዙ ተሠርቶበታል። የኮል ባለ 21 አኃዝ ቁጥር ግን ለዚህ አይበቃም፤ ዛሬ ተራ ኮምፒዩተር ዓይን ሳይጨፈን ይፈታዋል። እሑዶቹ ወደ ቅጽበት ጠበቡ። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ የኮል ድካም ከንቱ ሆነ ይላል። እንዲህ ካሉማ የእጅ ጽሑፍ ሁሉ ማተሚያ ቤት በተከፈተ ዕለት ከንቱ ሆኗል።

የመነኩሴው ዝርዝርም ቀስ በቀስ ታርሟል። ኢቫን ፔርቩሺን የተባለ ሩሲያዊ ቄስ በ1883 የ61ኛው ደረጃ ቁጥር ብቸኛ ሆኖ ሳለ ከዝርዝሩ እንደ ተዘነጋ አሳየ፤ ኋላም 89 እና 107 ተጨመሩ፤ 257 ወጣ። በጠቅላላው አምስት ስሕተት ነው። እንዲያም ሆኖ ወገኑ ዛሬም የሜርሴን ቁጥሮች ተብሎ የሚጠራው በተሳሳተው ሰው ስም ነው፤ ይህም ተገቢ ይመስላል፤ ጥያቄውን ያቆየ እርሱ ነውና። በ2024 ይፋ የሆነው የዚሁ ወገን ብቸኛ ቁጥር የ136,279,841ኛው ደረጃ ሲሆን 41,024,320 አኃዝ አለው። ይታተም ቢባል መጽሐፍ ሳይሆን መደርደሪያ ሙሉ ያስፈልገዋል።

ኮል እስከ 1920 የማኅበሩ ጸሐፊ ሆኖ ቆየ። ሲሰናበት ባልደረቦቹ ገንዘብ አዋጥተው ሰጡት፤ እርሱ ግን ለማኅበሩ መልሶ ሰጠው፤ በገንዘቡም ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1928፣ በስሙ ሽልማት ተቋቋመ። ሽልማቱ በአልጀብራና በቁጥሮች ጥናት ለሚደክሙ ይሰጣል።

በ1952 በሎስ አንጀለስ የነበረ አንድ ኮምፒዩተር፣ ራፋኤል ሮቢንሰን ባዘጋጀለት ትእዛዝ የሉካስንና የሌመርን መንገድ ተከትሎ፣ የ1279ኛው ደረጃ ቁጥር ብቸኛ መሆኑን አሳየ። የዚህ ጎረቤት የሆነው የ1277ኛው ደረጃ ቁጥር 385 አኃዝ አለው። ቀሪው ዜሮ ስላልሆነ ብቸኛ አለመሆኑ በእርግጠኝነት ታውቋል። አካፋዮቹን ግን እስከ 2024 መጨረሻ ድረስ ማንም ሰው፣ ማንም መኪና አምጥቶ በሰሌዳ ላይ አልጻፋቸውም።